ይሰማል? አላችሁ?

ማታ ማታ ከብዙ ቤት ሳሎንና መኝታ ክፍል የሚሰማ አዲስ ድምፅ አለ። «ይሰማል? አላችሁ? ስክሪኑ ይታያችኋል?» ይላል። ይህ ድምፅ በቤታችሁ ከተለመደ፣ ከቤተሰባችሁ አንዱ በኦንላይን ያስተምራል ወይም ይማራል ማለት ነው። በእኛ ቤት ሁለቱም አለ። ባለቤቴ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከመኝታ ክፍላችን ሆኖ ለአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አካውንቲንግ ያስተምራል። እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ሳሎን ተቀምጬ ሁለተኛ ዲግሪዬን በኦንላይን እማራለሁ። ስለዚህ የመምህሩንም የተማሪውንም ብሶት የምንሰማው እዚያው በእራት ገበታችን ላይ ነው።

የማስተማር ዘዴ ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ነገር ግን በሥራዬ በየቀኑ የሚያጋጥመኝ ጥያቄ የኦንላይን መምህራንም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፤ ፊት ለፊት የማታየውን ሰው እንዴት ታቆየዋለህ? በእኛ ሙያ አዲስ ደንበኛ ማምጣት ያለውን ከማቆየት የበለጠ ወጪ እንደሚያስወጣ ይታወቃል። ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተጨቃጭቆና በር ወርውሮ አይሄድም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። የኦንላይን ተማሪም አጠፋፉ እንደዚያው ነው። ይህ ጽሑፍ በቅድሚያ ከስክሪን ፊት ተቀምጠው ለሚያስተምሩ መምህራን ነው። ለልጆቻችሁ ወይም ለራሳችሁ የኦንላይን ትምህርት ለምትከፍሉትም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ከሞጁል ወደ ስክሪን

የርቀት ትምህርት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ከወላጆቻችን መካከል ሞጁል እያነበቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቶሪያል እየገቡ ዲግሪ የያዙ ብዙ ናቸው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ሲያስተምር የቆየ ሲሆን እዚሁ አዲስ አበባ አቃቂ ማዕከል አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ተማሪውን ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን አልተወውም፤ ሥራውን የሚያርምለትና የሚያማክረው አስጠኚ ይመድብለት ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ክፍሉ ሁሉ ወደ ቴሌግራም ገባ። መምህራን ፒዲኤፍ ላኩ፣ ተማሪዎች «ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» አሉ፣ ብዙው ነገር በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። የግል ተቋማት በኦንላይን ዲግሪ ይሰጣሉ። ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የኦንላይን ትምህርትን የሚያጠናክርና መምህራንን የሚያሠለጥን ኢ-ሺ የተባለ ፕሮግራም ጀምሯል። መሣሪያው እየተሟላ ነው። ተማሪው እስከ መጨረሻው መቆየት አለመቆየቱ ግን አሁንም የሚወሰነው በመምህሩ አያያዝ ነው።

በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል ሙር የተባሉ ምሁር ይህን ከብዙ ዓመታት በፊት አስረድተውታል። በእሳቸው አባባል በርቀት ትምህርት ውስጥ ዋናው ርቀት በመምህሩና በተማሪው መካከል ያለው የመግባባት ክፍተት ነው። ንግግሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። በዚህ ሂሳብ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ከመምህሩ በጣም ሊርቅ ይችላል፤ ሞያሌ ያለው ደግሞ ቅርብ ሊሆን ይችላል።

ማንም ያልጠራት ተማሪ

የእኔ ክፍል ሲጀመር 26 ነበርን። አሁን 15 ነን። ከጠፉት አንዷ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ የሰባት ወር ሕፃን ያላት ጎበዝ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ወር ከሁላችንም በላይ የምትጠይቀው እሷ ነበረች። ከዚያ ልጇ ታመመባትና ሁለት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ከቴሌግራም ግሩፑ ወጣች። ስደውልላት «ሁለት ሳምንት ስቀር ከተቋሙ አንድ ሰው እንኳ የት ገባሽ አላለኝም። መኖሬም አለመኖሬም ልዩነት ከሌለው ለምን ብዬ ነው ልጄን አስተኝቼ የማመሽ?» አለችኝ። የከፈለችው የሴሚስተር ክፍያ እዚያው ቀረ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ አንዲት ተማሪው አንድም ቀን ማይክ ከፍታ እንደማታውቅ፣ ካሜራዋም ሁልጊዜ ዝግ እንደሆነ ይነግረኝ ነበር። ስሟ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ድምፅዋ የለም። ትምህርቱን ከፍታ ትተዋለች ብሎ ጠርጥሯል። አንድ ሐሙስ ከክፍል በኋላ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከላት፤ «ሰላም ነሽ? ትምህርቱ እንዴት እየሄደልሽ ነው? የከበደሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚል። መልሱ የመጣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጅማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ማክሰኞና ሐሙስ የማታ ተረኛ ናት። ትምህርቱን የምትሰማው በአንድ ጆሮዋ ኢርፎን አድርጋ፣ ሕመምተኞች እየተዘዋወረች እያየች ነው። የደብተሯን ፎቶም አያይዛ ነበር። እሱ በሰሌዳው ላይ የሠራው ሂሳብ ሁሉ በእጇ ተገልብጧል፤ ተረኛ ክፍል ውስጥ የቀረባት ቦታ ላይ «ሪከርዱን እይ» የሚል ተጽፏል። መልእክቷ «ቲቸር፣ አለሁ» ብሎ ያበቃል።

እነዚህን ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። በአቅምና በትጋት አይለያዩም። ሁለቱም ዝም ብለው ነበር፤ አንዷን የጠየቃት ሰው ተገኘ፣ ሌላዋን የጠየቃት አልነበረም። ከዚህ በታች የዘረዘርኳቸው ምክሮች በሙሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው። አንዳንዶቹን ባለቤቴ ሞክሯቸዋል፣ አንዳንዶቹን ከጥሩ መምህሮቼ አይቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከታወቁ ጥናቶች የመጡ ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪያችሁን እወቁ

እኛ አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ከማውጣታችን በፊት ገዢው ማን እንደሆነ እንጠይቃለን። መምህርም ምዕራፍ አንድን ከመክፈቱ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል። የት ነው የምትኖሩት? የምትከታተሉት በስልክ ነው በላፕቶፕ? ዋይፋይ አላችሁ ወይስ በሞባይል ዳታ ነው? በየትኛው ሰዓት ነው ነፃ የምትሆኑት? ባለቤቴ ይህን ሲጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ የሚከታተሉት በስልክ እንደሆነ አወቀ። ከዚያ በኋላ በስላይዱ ላይ የሚጽፈውን ፊደል አተለቀ፤ ትልልቆቹን የኤክሴል ሰንጠረዦችም ቆራርጦ ማሳየት ጀመረ። በስልክ ስክሪን ላይ አሥራ ሁለት አምድ ያለው ሰንጠረዥ ማንም አያነብም።

ቪዲዮው ይጠር፣ ድምፁ ይጥራ

እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኢዲኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን ያህል የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው ነበር። ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም የተለመደው ተማሪ ከ6 ደቂቃ በላይ አብሮ እንደማይቆይ አዩ። ሌላው ግኝታቸው ለማርኬቲንግ ሰው የሚጥም ነው። ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀረጸው ይልቅ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ተማሪውን እያናገረ የሚመስለው ቪዲዮ ተማሪውን የበለጠ ይይዛል።

ስለዚህ ውድ ካሜራ አያስጨንቃችሁ። የ50 ደቂቃውን ቅጂ ለስምንት ቆራርጡትና ለእያንዳንዱ «ዋጋ ቅነሳ ምንድን ነው?» እንደሚል ያለ ግልጽ ርዕስ ስጡት። ለፈተና የሚያጠና ተማሪ የፈለገውን ነጥብ በቀላሉ ያገኛል፤ የሚጨርሰውም ዳታ ያንሳል። ለድምፁ ግን ተጠንቀቁ። ምስሉ ቢደበዝዝ ተማሪ ይታገሣል፣ ድምፅ ሲያስተጋባ ወይም ሲቆራረጥ ግን ይሰለቻል። ባለቤቴ የሚቀርጸው ከልብስ ቁም ሣጥኑ አጠገብ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ከፊቱ ተሰቅሎ ነው። ጨርቁ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ኔትወርክ ደካማ የሆነባቸው ተማሪዎች ካሉ ደግሞ ድምፁን ለብቻው በቴሌግራም መላክ በቂ ነው።

ጠይቃችሁ ጠብቁ

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አስተውለው ነበር። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም መልሶቹ ረዘም አሉ፣ የሚመልሱት ተማሪዎችም በዙ። ይህ የታየው ፊት ለፊት በሚሰጥ ትምህርት ነው። በኦንላይን ላይ ተማሪው ጥያቄውን ዘግይቶ ይሰማል፣ ማይኩን ይፈልጋል፣ ልጁን «ዝም በል» ይላል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዝምታው ለእናንተ ረጅም ይመስላችኋል እንጂ ለተማሪው አጭር ነው።

እኛ አገር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ከትንሽነታችን ጀምሮ በታላቅና በመምህር ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሁሉም በአፉ እንዲመልስ አትጠብቁ። «ሀ ወይም ለ ብላችሁ ቻት ላይ ጻፉ» ብትሉ ማይክ የማይከፍተውም ይመልሳል። ካሜራ እንዲከፍቱም አታስገድዱ። ካሜራውን የዘጋው ተማሪ ምናልባት የሚማረው ሦስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይሆናል።

ራሳችሁንም ጠብቁ። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ለሚሰማን ድካም ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች አንዱ የራስን ፊት ያለማቋረጥ ማየት ነው። በዙም ላይ ሌሎች እያዩአችሁ የራሳችሁን ምስል ከራሳችሁ ስክሪን ብቻ መደበቅ ይቻላል።

ትንንሽ ፈተና፣ ትንሽ ማርክ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። እኛ ደግሞ ትምህርት የምንማረው ለሳምንትና ለዓመት እንጂ ለአምስት ደቂቃ አይደለም።

ከዚህ የሚወሰደው ቀላል ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ ስላለፈው ሳምንት አምስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማርኩ ትንሽ ይሁን ወይም አይኑረው። ቴሌግራም የራሱ የኩዊዝ አሠራር አለው፣ የጉግል ፎርምም ያገለግላል። ጥቅሙ ለተማሪው ብቻ አይደለም። ከ30 ተማሪ 22ቱ ሦስተኛውን ጥያቄ ከሳቱ፣ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ከመሄዳችሁ በፊት ምን መደገም እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ቻት ጂፒቲ በማያውቀው ላይ ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻት ጂፒቲ ከወጣ ወዲህ «ማርኬቲንግ ምንድን ነው? አራቱን ክፍሎች ዘርዝር» የሚል አሳይመንት ዋጋ አጥቷል። መልሱ በአንድ ደቂቃ ተጽፎ ይመጣል። ከመምህሮቼ አንዷ የሰጠችን አሳይመንት ግን እንዲህ የሚል ነበር፤ «በሰፈራችሁ ያለ አንድ ሱቅ ምረጡ። ባለሱቁን አነጋግሩ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ዋጋ የጨመረባቸውን ሦስት ዕቃዎችና ደንበኛውን እንዴት እንዳስረዳ ጻፉ። ከዚያ በራሳችሁ ድምፅ በሦስት ደቂቃ ንገሩኝ።» የሰፈሬን ባለሱቅ ስድስት ዓመት ሳውቀው ለምን ለአንዳንድ ሰው ዱቤ እንደሚሰጥና ለሌላው እንደማይሰጥ የነገረኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ኮርስ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ይህንን ነው።

የመልስ ሰዓት ይኑራችሁ

ይህ ምክር ከባለቤትነቴ የመጣ ነው። ኦንላይን ማስተማር በር የለውም። ተማሪ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይጽፋል፣ መምህሩም አልጋ ውስጥ ሆኖ ይመልሳል። በመጀመሪያው ሴሚስተር የአራት ዓመት ልጃችን «አባዬ ስልክ ውስጥ ነው ያለው» ትል ነበር። በሁለተኛው ሴሚስተር ተነጋግረን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የመልስ ሰዓት እንዲሆን ወሰንን፤ ልጃችን ከተኛች በኋላ ማለት ነው። ለተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ነገራቸው። አሳይመንት በአንድ ሳምንት ውስጥ ታርሞ እንደሚመለስም ቃል ገባ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ማንም ቅር አላለውም። ተማሪን የሚያስጨንቀው መልስ የሚያገኝበትን ጊዜ አለማወቁ ነው። ሐሙስ እንደሚመለስለት ካወቀ ሐሙስን ይጠብቃል።

የጠፉትን ጥሩ

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃያ ደቂቃ፣ የጠፉ ተማሪዎችን ስም ጻፉ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሙድል የሚጠቀም ከሆነ ማን መቼ እንደገባ ያሳያችኋል። ካልሆነም የኩዊዙ ዝርዝር ይበቃል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው በግል አጭር መልእክት ላኩ።

የአነጋገሩ ነገር ግን ወሳኝ ነው። «ሁለት ክፍል ቀርተሃል፣ በደንቡ መሠረት...» ብሎ የሚጀምር መልእክት ሊጠፋ ያሰበውን ጨርሶ ያጠፋዋል። እኛ ለዚህ የሚሆን ጥሩ አነጋገር አለን፤ ጎረቤት ሲጠፋብን የምንለው፦ «ምነው ጠፋህ፣ በደህና ነው?» በዚህ ውስጥ ወቀሳም አለ፣ ናፍቆትም አለ፣ ሐሳብም አለ። ከዚያ አንድ ትንሽ መመለሻ አሳዩት። «ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ለመያዝ እነዚህን ሦስት ቪዲዮዎች ብቻ እይ፣ ማክሰኞ እንገናኝ» በሉት። የቀረበትን ሁሉ ተራራ አድርጎ የሚያይ ተማሪ መነሻው የት እንደሆነ ሲነገረው ይቀለዋል።

ባለቤቴ ይህን ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ለሰባት ተማሪዎች ጻፈ። አምስቱ በዚያው ሳምንት ተመለሱ። አንዱ ሥራ ቀይሮ ሰዓቱ እንዳልተመቸው ነገረውና ሪከርዱን እንዲከታተል ተስማሙ። አንዱ አልመለሰም። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም፤ ለሃያ ደቂቃ ሥራ ግን ስድስት ሰው ትልቅ ውጤት ነው።

ከቤት ላላችሁ

የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙን ሁለት ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያው የታወቀው ነው፤ ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ? ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ነው? የተቀረጸው ትምህርት ይሰጣል? አሳይመንት በስንት ቀን ይታረማል? ልጄ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ የሚደውልለት ማነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሰው ስም ወይም የሥራ ክፍል ከተነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው። «ሲስተሙ ያሳውቃል» ከተባላችሁ ግን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስቡ።

የሚያስተምር ወይም የሚማር ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ያንን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሩለት። ፓወር ባንኩ ቀን ላይ ይሞላ፤ መብራት ሲሄድ ስልኩም ዋይፋዩም ከእሱ ይሠራሉ። ቴሌቪዥኑ ይቀነስ፣ ቡናው ሲፈላ ወቀጣው ለአንድ ሰዓት ይዘግይ። እቤት ስላለ ብቻ «እስቲ በሩን ክፈት፣ እስቲ ልጁን ያዝ» አይባል።

መምህራን፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀምሩ አልላችሁም። ቪዲዮ መቆራረጡም ኩዊዙም ቀስ ብሎ ይደርሳል። በዚህ ሳምንት ግን የተማሪዎቻችሁን ዝርዝር አውጡና ድምፃቸውን ከሰማችሁ የቆያችሁባቸውን ሦስት ስሞች አስምሩባቸው። ለሦስቱም «በደህና ነው የጠፋኸው?» ብላችሁ ጻፉላቸው። አንዳቸው ሌሊት ተረኛ ሆነው ደብተራቸውን ሞልተው ይሆናል። ሌላኛቸው ደግሞ ለመተው እያሰቡ ይሆናል፤ የእናንተ መልእክት ቀድሞ ይድረሳቸው።